የወንድሜን መድኃኒት ለቀመሱት ለኬላው አስተባባሪ

ለተከበሩ አቶ ክንዱ
ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለው ኬላ የፍተሻ አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደህና ናቸው? ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱን ጉልበቶችዎን አላህ እንዲጠብቅልዎ ሰግጄ በተነሣሁ ቁጥር እለምናለሁ። ጉልበት የሚባለው ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ እኛ ቤት በደንብ የገባን ከእርስዎ ጋር ከተዋወቅን ወዲህ ስለሆነ፣ የእርስዎ ሳይነካ እንዲኖር የምመኘው ከልቤ ነው።

በየቀኑ ብዙ መንገደኛ ስለሚያስተናግዱ ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል። ፈህሚያ እባላለሁ፤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ስሜን የማያስታውሱት ከሆነ፣ «ይቺን ሴትዮ ዝም አስብሉልኝ» ብለው ባልደረቦችዎን ያዘዙባት ሴትዮ እኔ ነኝ። አብሮኝ የነበረው ታናሽ ወንድሜ አኒስ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። አክስታችን ትክል ድንጋይ ላይ ልጇን ስለምትድር ለኒካሑ እየሄድን ነበር።

አኒስ ከተወለደ ጀምሮ ሄሞፊሊያ የሚባል ሕመም አለበት። ደምን ከሚያረጉት ነገሮች አንዱ በደሙ ውስጥ ስለሚጎድለው፣ ሲጎዳ መድማቱ እንደ እርስዎና እንደ እኔ ቶሎ አይቆምም። የጎደለውን የሚተካለት ፋክተር የሚሉት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ነጭ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ጠርሙስ ታሽጎ ይመጣል፤ አብሮት በሚመጣው ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይወጋል። ወንድሜ ራሱን መውጋት ሐኪም ቤት ተምሯል። መድኃኒቱ ግን በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ አይደለም፤ በእርዳታ ነው የሚገባው፤ ሲገባ አለ፣ ሲያልቅ የለም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ እርስዎን ለመውቀስ እንዳይመስልዎ። ምስጋናዬን በአካል ላድርስ ብዬ ኬላው ድረስ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ውለታዎን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰውን ሁሉ እኩል ስለማየትዎ አመሰግናለሁ። አውቶቡሱን አስቁመው «ሁሉም ይውረድ!» ብለው ሲያዝዙ፣ አኒስ ከመቀመጫው ሆኖ በመስኮት «ጋሼ፣ ሕመም አለብኝ፤ ግፊያው ሲያልፍ ልውረድ» ብሎ ለምኖዎት ነበር። እርስዎም «እዚህ የተለየ ሰው የለም፣ ውረድ» አሉት። ወረደ። ከኋላ የሚገፋው ሰው ሲበዛበት ጉልበቱ በበሩ መውረጃ ብረት ተመታ። ለሌላ ሰው «እኔን!» ተብሎ የሚረሳ ነገር ነበር። ወንድሜ ግን መሬት ላይ ቆሞ ወደ እኔ ሲዞር ፊቱን አይቼ አወቅሁ። «ጀመረኝ» አለኝ። እብጠቱ ሳይታይ በፊት፣ ጉልበቱ ውስጥ የሞቀ ነገር ሲርመሰመስ ይሰማዋል። መድኃኒቱ መወሰድ ያለበት ያኔውኑ ነው፤ በቆየ ቁጥር ደሙ መገጣጠሚያው ውስጥ እየሞላ ይሄዳል። ለክብደቱ የታዘዘለት መጠን ሁለት ጠርሙስ ነው። ሁለቱም በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፤ ቦርሳዬ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነበር።

ሁለተኛ፣ ለንቃትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ። ቦርሳውን ከፍተው በረዶ፣ መርፌና ነጭ ዱቄት ሲያገኙ ፊትዎ ላይ የታየው ደስታ ሹመት እንደደረሰው ሰው ነበር። ሐኪም ቤቱ የጻፈልንን የድጋፍ ወረቀት ሰጠሁዎት። ከላይ እስከ ታች አንብበው ሲጨርሱ «ማኅተሙ ደብዝዟል» አሉኝ። እውነትም ደብዝዟል። ወንድሜ ያን ጊዜ የኬላውን አጥር ግንድ ተደግፎ አንድ እግሩን አንሥቶ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ማኅተም ቀለም ከእርስዎ ብዙ ተምሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ባልደረባዎ ስለተጠማ እንኳን ጠቀምነው። መድኃኒቱን እንዲያቀዘቅዝ ከቤት የያዝነውን በረዶ አውጥቶ የላስቲክ ውሃውን አቀዘቀዘበት። ጠርሙሶቹን እርስዎ በፀሐይ በጋለው የፒካፕ ኮፈን ላይ ደረደሯቸው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ፍሪጅ ውስጥ እንደሆነ፣ በረዶ ሠርቶ መጠጠር እንደሌለበት፣ ፀሐይም እንደማይወድ ስነግርዎ ነው እንግዲህ «ዝም አስብሉልኝ» የተባለው። ዝም አላልኩም፤ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።

አራተኛ፣ ባለሙያ ስለማማከርዎ። አንድ መድኃኒት ቤት ያላቸው ሰው በሞተር ሳይክል አስመጡልን። እሳቸውም ጠርሙሱን አገላብጠው አይተው «እንዲህ ያለ መድኃኒት ሰምቼ አላውቅም» ሲሉ፣ እርስዎ ይህን መድኃኒቱ አለመኖሩን እንደሚያረጋግጥ ማስረጃ ተቀበሉት። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። የአኒስን ጉልበት አይተው ስላሳዘናቸው የሕመም ማስታገሻ መርፌ አዘጋጅተው «መቀመጫው ላይ ልውጋው፣ ወዲያው ይሻለዋል» አሉ። በመካከላቸው ገብቼ ቆምኩ። ጡንቻው ላይ የሚወጋ መርፌ ለእሱ አዲስ የመድማት በር ነው፤ ያም ማስታገሻ ራሱ መድማትን የሚያባብስ ዓይነት ነበር። «ሐኪሞቹ እንዳትነኩት ብለውናል፤ እባክዎ ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸው መርፌውን መልሰው ከደኑት። እርስዎ ግን «የማይታከም በሽተኛ ምን ዓይነት በሽተኛ ነው?» ብለው ሳቁ። ጨዋታዎን ወድጄዋለሁ፤ እስካሁን እየሳቅሁ ነው።

አምስተኛ። እዚህ ላይ ብዕሬ በአክብሮት ይንቀጠቀጣል። አንዱን ጠርሙስ አንሥተው፣ የብረት ክዳኑን በቢላዋ ፈልቅቀው፣ ላስቲኩን ነቅለው፣ አሸተቱት። ከዚያም የትንሿን ጣትዎን ጫፍ ዱቄቱ ውስጥ ነክረው ቀመሱት።

አቶ ክንዱ፣ እንዴት ነበር? ወንድሜ ስንት ዘመን በደም ሥሩ ሲወስደው ኖሮ ጣዕሙን አያውቀውም። እኔም ብዙ ጊዜ እያየሁት ለመቅመስ አስቤ አላውቅም። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ እጅ በሳሙና ስለመታጠብ፣ ክዳኑን በአልኮል ስለመጥረግ፣ መርፌው ሌላ ነገር እንዳይነካ ስለመጠንቀቅ ብዙ ተጽፏል፤ በምላስ ስለመመርመር ግን ምንም የለም። ለሚያመርቱት ሰዎች የጎደለውን መንገር ይኖርብናል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ፤ ዝም ብዬ እንደሆነው ልንገርዎ።

  ጠርሙሱ ሲከፈት በድንጋጤ አኒስን «ከላይ ከላዩን እናፍስሰውና በቀረው ተጠቀም» አልኩት። «ደሜ ውስጥ የሚገባ ነገር እኮ ነው፣ ፈህሚያ፤ አቧራ ገብቶበታል፣ አበቃለት» አለኝ። ድምፁ ተማሪ የሚያስረዳ ይመስል ነበር። ጉልበቱ በሱሪው ውስጥ ተወጥሮ ይታየኝ ነበር።

ያን ጊዜ ነው አያ ቻላቸው ከሰው መሐል የወጡት። ከኋላችን ተቀምጠው የመጡ የላይ አርማጭሆ ገበሬ ናቸው፤ ከዚያ ቀን በፊት አይተውን አያውቁም። በዱላቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ቀረቡዎትና እንዲህ አሉ፦ «ምነው ልጄ! ሰውየው እግሩ እያበጠ አንተ ዱቄት ትቀምሳለህ? ሸጋ ሥራ ነው ይኼ? ስጠው ይዳን። ወንጀለኛም ከሆነ ድኖ ይታሰራል።»

መንገደኛው ሁሉ ተነሣ። ሾፌሩም «ሰው ከሞተብን ተጠያቂው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀዎት። «ተጠያቂ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊትዎ ተለዋወጠ። ሆኖም ሥርዓት ሥርዓት ነውና «እንግዲያው ዋስ ይጥራ» አሉ። የገዛ ጉልበቱን ለማከም ዋስ የተጠየቀ ሰው ከወንድሜ በፊት ስለመኖሩ አላውቅም። አያ ቻላቸው «ዋሱ እኔ ነኝ» ብለው እርስዎ ባቀረቡላቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። የማያውቁት ሰው ደም እንዲረጋ ዋስ የሆኑ ሰው ናቸው፤ አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

የቀረውን ጠርሙስ ከኮፈኑ ላይ አንሥቼ ስነካው ሞቋል። ሐኪም ቤት ለምታውቀን ለሲስተር እፀገነት ደወልኩ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት። «ክዳኑ አልተነካም? ቀኑ አላለፈበትም? ከተበጠበጠ በኋላ ጥርት ካለ ይውሰደው፤ ደፍርሶ ወይም ጓል ካያችሁበት እንዳትነኩት። ግማሽ መጠን ስለሆነ ግን አይበቃውም፤ ወግቶ እንደጨረሰ ወደዚህ ይዘሽው ነይ» አለችኝ።

አንዲት ሴት ከሻንጣዋ ሳሙና አወጣች፤ ሾፌሩ ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰልን። አኒስ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ የኋላው ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እጁን ታጠበ። ክዳኖቹን ጠረገ። ውሃውን በጠርሙሱ ጎን ቀስ አድርጎ አወረደው። አልነቀነቀውም፤ ሲነቀነቅ አረፋ ይይዛል፣ መድኃኒቱም ይጎዳል። በሁለት መዳፎቹ መሐል እያሽከረከረ አሟሟው። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ሲያነሣው አየን። ጥርት ብሎ ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ አያ ቻላቸውም ከአጠገቤ «ተመስገን» አሉ።

ከክርኑ በላይ የክንድ ማሠሪያ ላስቲኩን እኔ አሠርኩለት። ደም ሥሩን አገኘው፤ ላስቲኩን ፈታሁ፤ እሱም ሰውነቱን እያዳመጠ በጣም በዝግታ ገፋው። ቢያሳክከው ወይም ትንፋሽ ቢያጥረው ወዲያው ማቆም እንዳለበት ተምሯል። እርስዎም በበሩ በኩል ቆመው ይመለከቱ ነበር። መርፌው ሲገባ ፊትዎ አመድ መስሎ መውረጃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። የሾፌሩ ረዳት ውሃ ሰጠዎት። ወንድሜ ከወንበሩ ሆኖ «ጋሼ፣ ጭንቅላትዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ይሻልዎታል» አለዎት። እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ ብሆን አልልዎትም ነበር።

ሲጨርስ ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ከተተው። እርስዎም ትንሽ ብርታት አግኝተው ለኤግዚቢት ይቀመጥ ብለው ጠየቁት። «ሰው ይወጋል፤ ይዤው ሄጄ ሐኪም ቤት ነው የሚቃጠለው» አለዎት። በምትኩ የተከፈተውን ጠርሙስ ለኤግዚቢት ወሰዱ። በጥሩ ሁኔታ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ።

ትክል ድንጋይ አልደረስንም። ወደ ጎንደር የሚመለስ ሚኒባስ ለምነን ተሳፈርን። አክስቴ ደጋግማ ስትደውል «መኪና ተበላሽቶብን ነው» አልኳት፤ በልጇ ሠርግ ቀን ላስለቅሳት አልፈለግሁም። አኒስ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ግማሹ መጠን ደሙን አዘገየው እንጂ አላቆመውም። ሐኪም ቤት ስንደርስ ጉልበቱን ማጠፍም መዘርጋትም አይችልም ነበር።

ሲስተር እፀገነት በሩ ላይ ተቀበለችን። ፊቷን ሳየው ነገር እንዳለ ገባኝ። ያለው ፋክተር ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ ነው፤ አዲሱ ከአዲስ አበባ ገና እየተጠበቀ ነው። በዚያው ጧት ደግሞ ወርቅአፈራሁ የሚባል የመካነ ብርሃን ሰው መጥቷል። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ከበቅሎ ወድቆ ዳሌው ውስጥ እየደማ፣ በቃሬዛም በመኪናም ተንገላትቶ ነው የደረሰው። እሱም እንደ ወንድሜ ያለ ሕመም እንዳለበት ያወቀው ዘግይቶ፣ በቅርቡ ነው። አልጋው ላይ ጥርሱን ነክሶ ተኝቷል፤ እህል አልቀመሰም።

ሐኪሙ የሁለቱን ሁኔታ እያመዛዘነ ሳለ አኒስ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ሆኖ «ዶክተር፣ እኔ ግማሹን ወስጃለሁ፤ እሱ ምንም አልወሰደም» አለ። ሐኪሙም የወርቅአፈራሁ መድማት ለሕይወቱ እንደሚያሰጋ፣ ለእሱ መሰጠት እንዳለበት ነገረን። ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑን እያወቅሁ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳውን በጡጫዬ መታሁት። እርስዎ የቀመሱት ጠርሙስ እጃችን ላይ ቢኖር ኖሮ ወንድሜ ለማንም መተው ሳያስፈልገው ደሙ ቆሞለት ነበር። አኒስን በበረዶና በፋሻ፣ እግሩን ከፍ አድርገው አቆዩት። መድኃኒቱ መጥቶ ሙሉ መጠን እስኪያገኝ ድረስ ደሙ ጉልበቱን ከውስጥ ሲጎዳው ሰነበተ።

ወርቅአፈራሁ ተረፈ። ቀና ብሎ መቀመጥ ሲችል አኒስን «መምህር፣ የእርስዎን ነው የወሰድኩት ይላሉ» አለው። አኒስም «የእኔስ ተበልቷል» ብሎ አሳቀው። ይህን ቀልድ ለእርስዎ ክብር የነገረው ስለሆነ አደራውን አድርሻለሁ።

አሁን ወንድሜ ወደ ሥራው ተመልሷል። ጉልበቱ ግን እንደ ቀድሞው አይታጠፍም፤ ሐኪሞቹም ይመለሳል አላሉንም። ሲያስተምር ክፍል ውስጥ እየተንጎራደደ ነበር፤ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሲሰግድም ወንበር ላይ ነው። ግንባሩን መሬት ማስነካት እንደናፈቀው አንድ ቀን ብቻ ነግሮኛል፤ ከዚያ በኋላ አንሥቶት አያውቅም። ስለ እርስዎም ክፉ ቃል አይናገርም። «ሰውየው አላወቀም» ይላል። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ነገር ሳይ መጠየቅ እንጂ መቅመስ ስላልለመድኩ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በራሴ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ስለ ንቃትዎ፣ ስለ ጣዕም ዕውቀትዎ፣ ስለ ማኅተም አክብሮትዎና አንድን መምህር ቁጭ ብሎ የማረፍን ጥቅም ስላስተማሩልን፣ ከመላው ቤተሰቤ ስም በጥልቅ ዝቅ ብዬ፣ ጉልበቱ ከሚታጠፍለት ሰው የሚጠበቀውን ያህል በማጎንበስ፣ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥራዎ የተቃና፣ መንገደኛዎ ሁሉ ጤነኛ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

ከማይረሳ አክብሮት ጋር
ፈህሚያ ዐብዱልከሪም
ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ጨርሼ ላትም ስል፣ ላሳዩት ትጋት ከፍ ወዳለ ኃላፊነት ተዛውረው በደባርቅ መንገድ ላይ ያለውን ትልቁን ኬላ እንደተረከቡ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት። ወርቅአፈራሁም ራሱን መውጋት ተምሮ ስለጨረሰ፣ በሚመጣው ሳምንት መድኃኒቱን ይዞ በዚያው መንገድ ወደ አገሩ ይመለሳል። ለመንገዱ ብቻውን እንዳይሆን እኔም አብሬው ነኝ። በመስኮት በኩል የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ፣ አውቶቡሱን ሲያስቆሙ በመጀመሪያ የሚያገኙት የእኔን ፊት ነው።